ማላዊ ነርሶቿን ለማቆየት ያደረገችው ጥረት፦ የአንድ አገር የጉዳይ ጥናት

በሆስፒታል የሰው ኃይል ክፍል የሚሠራ ሰው አንዲት ነርስ ወደ ውጭ ለመሄድ መቁረጧን ብዙ ጊዜ ከዋርድ ኃላፊዋ ቀድሞ ያውቃል። የሥራ ልምድ ማስረጃ ልትጠይቅ ማመልከቻዋን ይዛ ስትመጣ ጸሐፊዋ «በአማርኛ ነው በእንግሊዝኛ?» ትላታለች፤ ነርሷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ «በእንግሊዝኛ ይሁንልኝ እቱ» ብላ ትመልሳለች። አገር ውስጥ መሥሪያ ቤት ለሚቀይር ሰው በአማርኛ የተጻፈው ይበቃዋል። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ግን ከጀርባው የባሕረ ሰላጤ አገሮች ለሥራ ፈቃድ የሚጠይቁት የፕሮሜትሪክ ፈተና፣ የዳታፍሎው የማስረጃ ማጣራት፣ የፓስፖርት ቀጠሮ፣ ብዙ ጊዜም ከቤተሰብ የተሰበሰበ ገንዘብ አለ። እኔ ዋርድ ውስጥ ነርስ ሆኜ ከሠራሁ በኋላ ወደዚህ ክፍል ተዛውሬ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎችን ሳዘጋጅ ኖሬአለሁ፤ አንዷንም ጠያቂ በክፉ ዓይን አይቼ አላውቅም። የሚያስጨንቀኝ ደብዳቤው ወጪ ከተደረገ በኋላ በዚያ ዋርድ የሌሊት ተራ የሚገባው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህ ጥያቄ በአንድ ሆስፒታል ደረጃ መልስ የለውም። በአገር ደረጃ መልስ ለመስጠት ከሞከሩት መካከል፣ ከመነሻው እስከ ውጤቱ በቁጥር ተመዝግቦ የተገመገመ ሥራ በመሥራት ማላዊን የሚያህል ጥቂት ነው። ማላዊ ከእኛ ጋር በድህነትም ሆነ በሠለጠነ የጤና ባለሙያ እጥረት የምትመሳሰል አገር በመሆኗ፣ እዚያ የተሠራውና የተበላሸው ለእኛም አንባቢ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ጉዳዩን በዝርዝር አቀርበዋለሁ። የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተገለጸ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባዶ መደቦች

ማላዊ በታንዛኒያ፣ በሞዛምቢክና በዛምቢያ የተከበበች፣ የባሕር በር የሌላት አገር ናት። እስከ 1964 ድረስ ኒያሳላንድ ተብላ በብሪታኒያ ሥር ቆይታለች። በ2004 ሕዝቧ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ሲሆን፣ በመንግሥት ጤና ተቋማትና መንግሥት ደመወዝ በሚከፍልላቸው የማላዊ ክርስቲያን ጤና ማኅበር ሆስፒታሎች ውስጥ በድምሩ የነበሩት 43 ሐኪሞችና 3,456 ነርሶች ብቻ ነበሩ። በመዋቅር ላይ ከተፈቀዱት የነርስ መደቦች ከየ10ሩ ከ6 በላይ የሚሆኑት ሰው አልነበራቸውም። መደቡ አለ፣ የደመወዝ እርከኑም ተጽፏል፣ ወንበሩ ግን ባዶ ነው።

በዚያው ዘመን ኤች አይ ቪ በአገሪቱ ከ10 አዋቂዎች ከአንድ በላይ የሚሆነውን ይዞ ነበር። የዋርድ አልጋዎች በዚሁ ሕመምና አብሮት በሚመጣው ቲቢ ተሞልተው ነበር። መንግሥት በ2004 የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትን በነፃ ለማዳረስ ሲነሣ ከገንዘቡ ባልተናነሰ ያሳሰበው ነገር መድኃኒቱን የሚሰጥ፣ የሚከታተልና የሚመክር ሰው ማግኘት ነበር። ክኒን በአውሮፕላን ይመጣል፤ ነርስ ግን እንደ ክኒን በአንድ ጊዜ ተገዝታ አትመጣም።

የነርስ እጥረት ምን እንደሚመስል ለማየት በብላንታየር ከተማ ወደሚገኘው ንግሥት ኤልሳቤጥ ማዕከላዊ ሆስፒታል ወይም ወደ ማንኛውም የወረዳ ሆስፒታል መግባት ይበቃል። በማላዊ የሕመምተኛውን ገላ የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ የሚያገላብጠው ከቤቱ የመጣ ዘመድ ነው። አስታማሚዋ ቺቴንጄ የተባለውን ባለ ሕብር ጨርቅ አልጋው ሥር አንጥፋ ታድራለች፤ ቀን ቀን በሆስፒታሉ ግቢ ለአስታማሚዎች በተሠራው ማረፊያ የበቆሎ ገንፎ የሚመስለውን ንሲማ አገንፍታ ታመጣለች። እኛ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አስታማሚ የሌለው ሕመምተኛ ሆስፒታል ሲገባ ስንቶቻችን እንደምንሳቀቅ እናውቃለን። ነገር ግን አስታማሚ የማትችለው ሥራ አለ። የግሉኮሱን ጠብታ ቆጥሮ ማስተካከል፣ የወላዷን ደም መፍሰስ መጠን መገመት፣ የሕፃኑ አተነፋፈስ ከአንድ ሰዓት በፊት ከነበረው መለወጡን ማወቅ የነርስ ሥራ ነው። አንዲት ነርስ ሌሊቱን ሙሉ ለብዙ አሥር አልጋዎች ብቻዋን ስትቀር የመጀመሪያው የሚቀረው ይህ መመልከት ነው። መርፌው በሰዓቱ ሊሰጥ ይችላል፤ ከመርፌ እስከ መርፌ ባለው ጊዜ የሚሆነውን ግን የሚያይ የለም።

ነርሶቹ የት ሄዱ?

ብዙ ሰው ማላዊን ሲያነሣ «ነርሶቿን እንግሊዝ ወሰደቻቸው» ይላል። እውነትነት ቢኖረውም ነገሩ ከዚህ የሰፋ ነው። ነርሶች በሦስት መንገድ ይጠፉ ነበር። አንዳንዶቹ በራሳቸው ሕመም ሞቱ፤ በእነዚያ ዓመታት ከማላዊ የጤና ሠራተኞች መጉደል ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ሞት መሆኑ በግልጽ የታወቀ ነው። ሌሎቹ አገራቸውን ሳይለቁ ከመንግሥት ሆስፒታል ወጥተው የተሻለ ወደሚከፍሉ የግል ክሊኒኮች፣ የውጭ ድርጅቶችና የምርምር ፕሮጀክቶች ገቡ። ሦስተኛዎቹ ናቸው አውሮፕላን የተሳፈሩት።

የሦስተኛዎቹ ቁጥር ለተቀባዩዋ አገር ኢምንት ነበር። የብሪታኒያ መንግሥት በሐምሌ 2000 ባወጣው የብሔራዊ ጤና አገልግሎት ዕቅድ እስከ 2004 ድረስ 20,000 ተጨማሪ ነርሶች እንዲኖሩት አቀደ፤ አገሪቱ በራሷ ትምህርት ቤቶች ይህን ያህል ቶሎ ማፍራት ስላልቻለች ፊሊፒንስን፣ ህንድንና ደቡብ አፍሪካን የመሰሉ አገሮች የጎደለውን ሞሉላት። በ2001/02 በነርስነት ከተመዘገቡት አዳዲስ ባለሙያዎች ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጡት ከ15,000 በላይ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል የማላዊ ነርሶች 75 ናቸው። ለብሪታኒያ ከ200 አንዷ ማለት ነው፤ ለማላዊ ግን ሌላ ነው።

ብሪታኒያ የምትቀበለው በሙሉ ደረጃ የሠለጠነችውን «የተመዘገበች ነርስ» ነበር። በማላዊ ወረዳዎች ዋናውን የዋርድ ሥራ የሚሸከሙት የነርስ አዋላጅ ቴክኒሺያኖች ሥልጠና ግን ለዚህ አይበቃም። በመሆኑም የሄዱት በአብዛኛው ዋርድ የሚመሩት፣ ተማሪ የሚያስተምሩት፣ አስቸጋሪ ወሊድ ሲመጣ «እርሷን ጥሯት» የሚባሉት ናቸው። አንዲት አስተማሪ ስትሄድ የጎደለው የአንድ ሰው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ በዓመት ታስተምራቸው የነበሩ ተማሪዎችም አብረው ይጎድላሉ። ስለ ነርሶች ስደት ሲጻፍ ቁጥሩን ብቻ የሚቆጥሩ ጽሑፎች ይህን አይለዩም፤ በእኔ እምነት ግን ከቁጥሩ በላይ የጎዳው ይህ ነው።

መንገዱ ክፍት የሆነበትም ምክንያት ነበረው። ማላዊ ውስጥ የነርስ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱም የብሪታኒያን ፈለግ የተከተለ በመሆኑ አንዲት ነርስ ለጥቂት ወራት በክትትል ሥር ሠርታ ከቆየች በኋላ መመዝገብ ትችል ነበር። የብሪታኒያ ጤና መሥሪያ ቤት በ2001 ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ከድሆች አገሮች ነርስ እንዳይመለመል ለራሱ ተቋማት መመሪያ ሰጥቶ ነበር። ነገር ግን ደንቡ የግል የአረጋውያን መጦሪያዎችን አይገዛም ነበር። ነርሷ መጀመሪያ በግል መጦሪያ ትቀጠራለች፤ ከተመዘገበች በኋላ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ትዛወራለች። በ2004 ደንቡ እንዲሰፋ ያደረገው እንዲህ ያለው ቀዳዳ ነው።

ደመወዝ የከፈለ ዕርዳታ

በ2004 የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ መርሐ ግብር (ዩኤንኤድስ) ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ፒተር ፒዮትና የብሪታኒያ የዓለም አቀፍ ልማት መሥሪያ ቤት ቋሚ ጸሐፊ የነበሩት ሱማ ቻክራባርቲ ማላዊን ጎብኝተው የሆስፒታሎቹን ሁኔታ በዓይናቸው አዩ። የማላዊ ጤና ሚኒስቴር ቀደም ብሎ ሲያዘጋጀው የነበረው ዕቅድ «አስቸኳይ የሰው ኃይል መርሐ ግብር» ተብሎ ሥራ ላይ እንዲውል ይህ ጉብኝት ትልቅ ግፊት ሆነለት። ከዋናዎቹ ገንዘብ ሰጪዎች አንዱ የብሪታኒያ መንግሥት ሲሆን፣ ለዚሁ ሥራ 55 ሚሊዮን ፓውንድ ለመስጠት ቃል ገባ። የማላዊን ነርሶች የምትቀጥረው አገር ራሷ እነርሱን በአገራቸው ለማቆየት ከፋይ ሆና መቅረቧ በብዙዎች ዘንድ እንደ ካሣ ታይቷል። እኔም ቢያንስ በከፊል እንደዚያ ነው የማየው።

የመርሐ ግብሩ ትልቁ አዲስ ነገር ደመወዝ መክፈሉ ነው። እስከዚያ ድረስ ለጋሾች ሕንፃ ይሠራሉ፣ መኪና ይገዛሉ፣ የሥልጠና አበል ይከፍላሉ፤ የመንግሥት ሠራተኛን ደመወዝ ግን አይነኩም፤ «ዘላቂ አይሆንም» የሚል ምክንያት ያቀርቡ ነበር። በማላዊ ይህ ልማድ ተሰበረ። ነርሶችን ጨምሮ ለ11 የሙያ ዘርፎች በመነሻ ደመወዛቸው ላይ 52 በመቶ ጭማሪ ታሰበላቸውና ከ2005 ጀምሮ ተከፈለ። ከዚህ ጎን ለጎን የሥልጠና ኮሌጆችን የመቀበል አቅም ማስፋት፣ የአገሬው ሰው እስኪደርስ ክፍተቱን የሚሸፍኑ ሐኪሞችንና የነርስ አስተማሪዎችን ከውጭ በፈቃደኝነት ማምጣት፣ የጤና ሚኒስቴሩን የሰው ኃይል አስተዳደር ማጠናከር ተካትቶበታል።

52 በመቶ የሚለው ቁጥር በወረቀት ላይ ትልቅ ይመስላል። ነገር ግን ጭማሪው ግብር የሚቆረጥበት ነበር፤ መነሻውም ትንሽ ነው። የወሩ መጨረሻ ደርሶ የደመወዝ ወረቀቷን የምታይ ነርስ እጇ የገባው ከተነገራት ያነሰ ሆኖ ስታገኘው ቅር መሰኘቷ አይገርምም፤ በኋላ በተደረጉ ጥናቶችም ይህ ቅሬታ ተደጋግሞ ተሰምቷል። እኛም አገር የደመወዝ ማሻሻያ ከታወጀ በኋላ የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። መቶኛው በሬዲዮ ይነገራል፤ ሰው የሚኖረው ግን በተጣራው ነው። በገጠር ለሚሠሩ ባለሙያዎች የታሰበው የመኖሪያ ቤት ሥራም ከደመወዙ ጋር እኩል አልተራመደም። ሐይቅ ዳር ባለ ጤና ጣቢያ ብቻዋን የምትመደብ ነርስ ከ52 በመቶው ይልቅ የሚቆለፍ በርና ውኃ ያለው ቤት ቢሰጧት ትመርጥ እንደነበር አምናለሁ፤ እኔ ራሴ የመጀመሪያ ምድቤ ገጠር ስለነበር ይህን በግምት አልናገርም።

የተገኘው ውጤት

መርሐ ግብሩ ሲጠናቀቅ በ2010 በገለልተኛ ገምጋሚዎች ተፈትሿል። በ11ዱ ዘርፎች ያሉት የጤና ባለሙያዎች ቁጥር በ2004 ከነበረው 5,453 በ2009 ወደ 8,369 ከፍ ብሏል፤ 53 በመቶ ማደጉ ነው። ሐኪሞች ከ43 ወደ 265 ደረሱ። ነርሶች ከ3,456 ወደ 4,812 ከፍ አሉ፤ ይህም 39 በመቶ ነው። ከማሠልጠኛዎች በየዓመቱ የሚመረቁት በሁሉም ዘርፎች ከ917 ወደ 1,277 አደጉ። ገምጋሚዎቹ አገልግሎቱ በመስፋቱ ከ13,000 በላይ ሕይወት መትረፉን ገምተዋል። ግምት በመሆኑ ቁጥሩን እንደ ቆጠራ መያዝ አይገባም፤ የነርሶች ዕድገት ከ11ዱ ዘርፎች አጠቃላይ ዕድገት ዝቅ ማለቱ ግን ቆጠራ ነው። በዚያ ላይ በእነዚሁ ዓመታት የአገሪቱ ሕዝብ በፍጥነት ጨምሯል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ነርሶች መሄድ አቆሙ ወይ? ማላዊ ውስጥ ወደ ውጭ ለመሄድ የምትፈልግ ነርስ የአገሪቱ የነርሶችና አዋላጆች ካውንስል የትምህርት ማስረጃዋን እንዲያረጋግጥላት ማመልከት አለባት፤ ስለዚህ የስደቱን ልክ ለመገመት የሚያገለግለው የካውንስሉ መዝገብ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ከ100 በላይ የደረሰው የሄዱ ነርሶች ቁጥር በ2009 ወደ 16 ወርዷል። መርሐ ግብሩን የሚያወድስ ሰው ሁሉ ይህን ቁጥር ያነሣል።

ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን አንድ አይደለም። በመስከረም 2005 የብሪታኒያ የነርሶች ምዝገባ ምክር ቤት ከውጭ ለሚመጡ ነርሶች አዲስና ጠበቅ ያለ የመግቢያ ሥልጠና ግዴታ አደረገ። በነሐሴ 2006 ደግሞ መንግሥቱ መደበኛ ነርሶችን ከእጥረት ሙያዎች ዝርዝር አወጣቸው፤ አሠሪው ከብሪታኒያና ከአውሮፓ ሰው ማጣቱን ሳያሳይ ከውጭ መቅጠር አልቻለም። ይህም ማለት በማላዊ ደመወዙ በተሻሻለበት ወቅት በለንደን በኩል በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ከሁለቱ የትኛው ነርሷን እንዳስቀራት ከካውንስሉ መዝገብ ማንበብ አይቻልም፤ ገምጋሚዎቹም ቢሆኑ ሙሉውን ምስጋና ለጭማሪው አልሰጡትም።

እኔ ግን ጭማሪው ሥራውን ሠርቷል ብዬ እከራከራለሁ፤ ማስረጃዬ ከአየር ማረፊያው ሳይሆን ከአገር ውስጥ ነው። መርሐ ግብሩ እንደተጀመረ ቀደም ብለው ከመንግሥት ሥራ የወጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ተመልሰው ተቀጥረዋል። ከግል ክሊኒክ ወደ ወረዳ ሆስፒታል የተመለሰችን ነርስ የብሪታኒያ የቪዛ ሕግ አላመጣትም። ወደ ኮሌጅ የሚገባው ተማሪም በዝቷል፤ እርሱንም ቪዛ አያስረዳውም። በሌላ በኩል ነፃው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የታመሙትን ነርሶች ራሳቸውን አድኗል። ስለ ስደት ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ነገር ግን ለማላዊ ከሄዱት ባላነሰ ያጎደሏት በሞት የተለዩት ነበሩ፤ በሕይወት የተረፈች ነርስም እንደ ተመለሰች ነርስ መቆጠር አለባት።

ገንዘቡ ሲሳሳ

ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። መርሐ ግብሩ የታቀደው ለ6 ዓመታት ነበር፤ ደመወዝ ግን ለ6 ዓመት ብቻ አይከፈልም። በግንቦት 2012 የማላዊ ገንዘብ ክዋቻ ምንዛሪው በአንድ ጊዜ በእጅጉ እንዲወርድ ተደረገ፤ የዕቃ ዋጋ ሲንር በክዋቻ የሚከፈለው ደመወዝ መግዛት የሚችለው ነገር አነሰ። በ2013 መገባደጃ «ካሽጌት» በመባል የታወቀው የመንግሥት ገንዘብ ምዝበራ ተጋለጠ። በዚህም ምክንያት ብሪታኒያን ጨምሮ ዋና ዋና ለጋሾች በቀጥታ ለመንግሥት ካዝና የሚሰጡትን ድጋፍ አቋረጡ። የተመዘበረው ገንዘብ የነርሶች አልነበረም፤ ዕዳውን ግን ነርሶችም ከፈሉት።

ከ2010ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሆነው ነገር ከጉዳዩ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ነው። ከዚያ በፊት ከኮሌጅ የወጣ ነርስ በመንግሥት መመደቡ እንደ ተራ ነገር ይታይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የቅጥር በጀት የለም ተባለ። በሕዝብና በለጋሽ ገንዘብ በተስፋፉ ኮሌጆች የተማሩ ነርሶች ተመርቀው ቤታቸው ተቀመጡ። በዚያው ጊዜ በሆስፒታሎቹ ከተፈቀዱት የነርስ መደቦች ብዙዎቹ አሁንም ባዶ ነበሩ። በ2004 መደብ ነበረ፣ ነርስ አልነበረም። ከ10 ዓመት በኋላ መደቡም ነርሷም አሉ፤ የጠፋው ሁለቱን የሚያገናኘው ደመወዝ ነው። ሌሊት ብቻዋን ለተረኝነት የገባችው ነርስና ከሆስፒታሉ አጥር ማዶ ሥራ ፈትታ የተቀመጠችው ነርስ የአንድ ዓመት ተመራቂዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

እንዲህ ያለችው ነርስ ወደ ውጭ ብትሄድ አገሯ ምን አጣች ይባላል? ጥያቄው ቀላል አይደለም። ያልተቀጠረች ነርስ መሄዷ ዛሬ ከዋርዱ የሚቀንሰው ሰው የለም፤ የምትልከው ገንዘብም ቤተሰብ ያኖራል። ነገር ግን ሁልጊዜ በብዛት የምትፈለገው ልምድ ያላት ናት። የውጭ ቀጣሪዎች ብዙውን ጊዜ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ቤት ከተቀመጠችው አዲስ ተመራቂ ይልቅ ዋርዱን የተሸከመችው ቀድማ ትሄዳለች። ሥራ አጦችን ወደ ውጭ በመላክ ችግሩ ይቀላል የሚለው ሐሳብ ማላዊም ሆነ ሌላ አገር ሲነሣ ይህ እንዲታሰብበት እመኛለሁ።

የብሪታኒያ በርም ተመልሶ ተከፈተ። በነሐሴ 2020 ለጤናና ለእንክብካቤ ሠራተኞች የተለየ ቪዛ ወጣ። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች በግንቦት 2010 ባጸደቁት ዓለም አቀፍ የጤና ባለሙያዎች ቅጥር ደንብ መሠረት እጥረታቸው የከፋ አገሮች ዝርዝር ይወጣል፤ በ2023 በወጣው ዝርዝር 55 አገሮች ያሉ ሲሆን ማላዊ አንዷ ናት። በብሪታኒያ ደንብ ከእነዚህ አገሮች ሄዶ መመልመል ክልክል ነው። በራሷ ፈቃድ ያመለከተችን ነርስ ግን መቅጠር ይፈቀዳል፤ ይህም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የትውልድ አገሯ ድህነት የእርሷ የጉዞ ክልከላ ሊሆን አይገባም። ሆኖም ማስታወቂያው በስልኳ በሚደርስበት፣ ማመልከቻውም በዚያው ስልክ በሚሞላበት ዘመን በምልመላና በራስ ፈቃድ መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ እንጂ በተግባር ጠብቧል።

ወደ እኛ ስንመለስ

ኢትዮጵያም በዚያው የ55 አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ከባድ የጤና ባለሙያ እጥረት አለባቸው ብሎ በለያቸው 57 አገሮች ውስጥም ነበረች፣ ማላዊም እንዲሁ። የእኛ ነርሶች ግን ከለንደን ይልቅ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ኤምሬትስ፣ ቤተሰብ ያላቸው ደግሞ ወደ አሜሪካ ያዘነብላሉ። ባለፉት ዓመታት ኮሌጆቻችንና ዩኒቨርሲቲዎቻችን በብዛት አስመርቀው፣ የጤና ባለሙያዎች ለዓመታት ምደባ ሲጠብቁ አይተናል። የተቀጠሩትም በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደመወዛችን አላኖረንም ብለው ሥራ እስከማቆም ደርሰዋል። ማላዊ በ10 ዓመት ልዩነት ያየቻቸውን ሁለት ችግሮች እኛ በአንድ ጊዜ ይዘናቸዋል።

በሠራሁበት በአንድ ሆስፒታል የዲውቲ (የተረኝነት) ክፍያ ለወራት ሳይከፈለን የቆየበት ጊዜ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ሌሊት ሁለት ዋርድ ደርቤ ይዤ ሳለሁ አንዲት አስታማሚ እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ኮሪደሩ ድረስ መጡና «ሲስተርዬ፣ ግሉኮሱ አልቋል መሰለኝ፣ ደም ወደ ላይ እየወጣ ነው» አሉኝ። «መጣሁ እማማ፣ ያቺን ጎማ አጥብቀው ይቆዩኝ» አልኳቸውና እስክደርስ አጥብቀው ጠበቁኝ። ልጃቸው ዳነ። በዚያ ሌሊት ከእኔ ጋር ተራ መግባት የነበረባት ባልደረባዬ ከሁለት ሳምንት በፊት ደብዳቤዋን በእንግሊዝኛ ወስዳ ሪያድ ገብታ ነበር። ብዙ ጊዜ እንደዋወላለን፤ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ በእርሷ ቦታ ሰው ተቀጥሮ እንደሆነ ነበር። ለሁለት ዓመት ያህል «ገና ነው» ስላት ኖርኩ።

ከማላዊ ጉዳይ ወደ ሥራ ክፍሌ የወሰድኩት አንድ ልማድ አለ። ቀድሞ የሥራ ልምድ ማስረጃ ወጪ ሲሆን መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ስምና ቀን ብቻ ነበር። አሁን በዚያው መስመር የዋርዱን ስም፣ የነርሷን የአገልግሎት ዘመን፣ መደቡ ክፍት የሆነበትን ቀንና የተሞላበትን ቀን እንጽፋለን። የመጨረሻው ዓምድ በአብዛኛው ባዶ ነው። በጀት በሚጠየቅበት ጊዜ ያንን ዓምድ ፎቶ ኮፒ አድርገን ከጥያቄው ጋር እናያይዘዋለን፤ ዘንድሮ ከጠየቅናቸው መደቦች ሦስቱ ተፈቅደዋል፤ የቅጥር ማስታወቂያውም ግቢው በር ላይ ተለጥፏል።